ቅርጹን የሚለውጥ ክንፍ፦ የፋይበር ኮምፖዚት ድርሻና ገደብ

አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ረጅም በረራ ጀምሮ እስኪጨርስ ድረስ ክንፉ የሚጠየቀው ሥራ በየጊዜው ይለዋወጣል። ሲነሣ ከባድ ነው፣ ፍጥነቱም ዝቅተኛ ነው፤ ከፍታውን ከያዘ በኋላ በተቻለ መጠን አነስተኛ የአየር መቋቋም እየገጠመው እንዲጓዝ ይፈለጋል፤ ለማረፍ ሲቃረብ ደግሞ ፍጥነቱን ቀንሶም ሳይወድቅ መብረር አለበት። ክብደቱም ቢሆን ባለበት አይቆምም። ቦይንግ 787-8 ሲነሣ ቢበዛ 228 ቶን ገደማ ሊመዝን ይችላል፤ የነዳጅ ማጠራቀሚያዎቹ ደግሞ ወደ 101 ቶን ይይዛሉ። ስለዚህ በረጅም ጉዞ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው አውሮፕላን ከተነሣው አውሮፕላን በብዙ አሥር ቶኖች ይቀላል። ለእያንዳንዱ ክብደት፣ ፍጥነትና ከፍታ የሚስማማው የክንፍ ቅርጽ የተለያየ ሆኖ ሳለ ክንፉ ግን ያው አንዱ ነው።

እስካሁን የተለመደው መፍትሔ የክንፉን ጠርዞች ቆርጦ ተንቀሳቃሽ ማድረግ ነው። አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲዘጋጅ በመስኮት የተመለከተ መንገደኛ እንደሚያውቀው፣ ከክንፉ በስተኋላ ፍላፕ የሚባሉት ሰሌዳዎች ይወጡና ወደ ታች ያዘነብላሉ፤ ከፊት ጠርዙ ስላት የሚባሉት ይንሸራተታሉ፤ ወደ ክንፉ ጫፍ ያሉት ኤለሮኖችም ከፍና ዝቅ እያሉ አውሮፕላኑን ወደ ጎን ያጋድሉታል። እነዚህ ሁሉ ግትር ሰሌዳዎች ሲሆኑ የሚንቀሳቀሱት በማጠፊያና በሐዲድ ላይ፣ በሃይድሮሊክ ወይም በኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ሥራቸውን በሚገባ ይሠራሉ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን በሰሌዳዎቹ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፣ የክንፉም ቅርጽ በማጠፊያው ላይ በድንገት ይሰበራል። አየሩ በክፍተቱ ሲሾልክና በስብራቱ ላይ ሲሰናከል ሽክርክሪት ይፈጥራል፤ ሽክርክሪቱም ጩኸትና ተጨማሪ የነዳጅ ወጪ ያስከትላል። ቅርጹን የሚለውጥ ክንፍ ሐሳብ የሚነሣው ከዚህ ነው፦ ሽፋኑ ሳይቆረጥ፣ ማጠፊያም ክፍተትም ሳይኖር፣ ክንፉ ራሱ እየተለመጠ ለጊዜው የሚስማማውን ቅርጽ እንዲይዝ ማድረግ።

ሐሳቡ የሞተር በረራን ያህል ዕድሜ አለው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዲሴምበር 17 ቀን 1903 ኦርቪል ራይት በሰሜን ካሮላይና ጠረፍ ለ12 ሰከንድ የበረረበት ማሽን ኤለሮን አልነበረውም። አብራሪው በደረቱ ተኝቶ ዳሌውን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲገፋ፣ ዳሌው ካረፈበት ማቀፊያ ጋር የተያያዙት ሽቦዎች የክንፎቹን ጫፍ ይጠመዝዙ ነበር። ክንፉ ከእንጨት ዐፅምና ከጥጥ ጨርቅ የተሠራ ስለነበር በቀላሉ ይጠመዘዝ ነበር፤ ፍጥነቱም ዝቅተኛ ስለነበር አየሩ መልሶ አይጠመዝዘውም ነበር። ፍጥነት እየጨመረ ሲሄድ ነገሩ ተገለበጠ። ልል የሆነ ክንፍ በፈጣን አየር ውስጥ አብራሪው ያላዘዘውን ቅርጽ ይይዛል፤ አልፎም ፍላተር ወደሚባለው፣ ራሱን በራሱ ወደሚያባብሰውና ክንፍን በሰከንዶች ውስጥ ሊገነጥል ወደሚችለው ርግብግቢት ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ለአብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፕላን መሐንዲሶች ለመለመጥ የነበራቸው አመለካከት የጠላትነት ነበር፤ ክንፍ ግትር መሆን አለበት፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ካስፈለገም በማጠፊያ ይንቀሳቀስ የሚል ደንብ ሰፈነ።

የችግሩ እምብርት እንግዲህ እርስ በርሱ የሚጋጭ ጥያቄ ነው። ክንፉ የአውሮፕላኑን ሙሉ ክብደት ስለሚሸከም ግትር መሆን አለበት፤ ቅርጹን በአነስተኛ ኃይል ለመለወጥ ደግሞ ልል መሆን አለበት። እንደ አሉሚኒየም ባለ፣ በየትኛውም አቅጣጫ ቢለካ ባሕርዩ አንድ በሆነ ቁስ ሁለቱን ማስታረቅ እጅግ ከባድ ነው፤ ንድፍ አውጪው ውፍረቱን ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል እንጂ ቁሱን «በዚህ በኩል ጠንክር፣ በዚያ በኩል ላላ» ሊለው አይችልም። የፋይበር ኮምፖዚት ቦታ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ኮምፖዚት ሲባል ቢያንስ ሁለት ቁሶች የየራሳቸውን ባሕርይ ይዘው የተጣመሩበት ውህድ ቁስ ማለት ነው። በአውሮፕላን ሥራ በብዛት የሚገኘው የካርቦን ፋይበር ኢፖክሲ በሚባል፣ ሲጋገር በሚጠነክር ሙጫ መሰል ሬዚን ተነክሮ የሚሠራው ነው። የአንዱ የካርቦን ክር ውፍረት ከ5 እስከ 7 ማይክሮ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ የተለመደው ዓይነት ወደ ርዝመቱ ሲሳብ የሚያሳየው ግትርነት 230 ጊጋ ፓስካል ገደማ ነው፤ ይህም ከብረት (200 ገደማ) ይበልጣል፣ ክብደቱ ግን የብረትን ሩብ አይሞላም። ሬዚኑ በአንጻሩ 3 ጊጋ ፓስካል ብቻ ነው። የሬዚኑ ሥራ ክሮቹን በቦታቸው መያዝ፣ ጫናውን ከክር ወደ ክር ማስተላለፍና ክሮቹ ሲጨመቁ እንዳይንጋደዱ መደገፍ ነው። ክሮቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ተዘርግተው በሬዚን ሲያያዙ የሚገኘው ስስ ንጣፍ፣ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር ስምንተኛ የማይበልጥ፣ በክሮቹ አቅጣጫ 135 ጊጋ ፓስካል ገደማ ሲኖረው በተሻጋሪው አቅጣጫ ግን ወደ 9 ወይም 10 ይወርዳል። ማገዶ የፈለጠ ሰው ይህን ባሕርይ በእጁ ያውቀዋል፦ ግንዱ ወደ ርዝመቱ ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ተሻግሮ ሲመታ ግን መጥረቢያውን ይመልሳል።

እነዚህ ንጣፎች አንዱ በሌላው ላይ እየተደረቡ፣ በየንጣፉ የክሩ አቅጣጫ እየተለወጠ፣ ከዚያም አውቶክሌቭ በሚባል ግፊት ያለው ምድጃ ውስጥ (ለአውሮፕላን በተለመዱት የኢፖክሲ ዓይነቶች 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ) ተጋግረው አንድ ወጥ አካል ይሆናሉ። ንድፍ አውጪው የሚወስነው የውፍረትን ነገር ብቻ አይደለም፤ የእያንዳንዱን ንጣፍ አንግልና በድርብርቡ ውስጥ ያለውን ተራም ይወስናል። ለብዙ ዓመታት የሠራው ደንብ ይህን ነጻነት በጥንቃቄ የሚገድብ ነበር፦ ድርብርቡ ከመካከለኛው መስመር በላይና በታች አንድ ዓይነት ይሁን፣ ወደ አንዱ ጎን 45 ዲግሪ ለተዘረጋ ንጣፍ ሁሉ ወደ ሌላው ጎን 45 ዲግሪ የተዘረጋ አጣማጅ ይኑረው። ይህ ደንብ ካልተጠበቀ ገበታው ከምድጃ ሲወጣ ይጣመማል፣ ሲሳብ ይጠመዘዛል፣ ሲለመጥ ወደ ጎን ይሸሻል። ቅርጽ ለሚለውጥ ክንፍ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ያደረጉት ታላቅ ነገር፣ በእኔ ግምት፣ አዲስ ቁስ መፈልሰፍ አይደለም፤ ይህ ደንብ እንደ ጉድለት አድርጎ ያስወገደውን ባሕርይ መልሰው አንሥተው ሥራ እንዲሠራ ማድረጋቸው ነው።

የዚህ እስከ ዛሬም እጅግ ግልጽ የሆነው ምሳሌ ኤክስ-29 የተባለው የአሜሪካ የሙከራ አውሮፕላን ነው። ክንፉ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ያዘነበለ አውሮፕላን በንድፈ ሐሳብ ጥሩ ጠባይ አለው፤ በዝቅተኛ ፍጥነት የአየሩ ፍሰት በመጀመሪያ የሚለየው ከክንፉ ሥር አካባቢ ስለሆነ ጫፍ ላይ ያሉት ኤለሮኖች ረዘም ላለ ጊዜ ሥራቸውን አያቆሙም። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1944፣ ዩንከርስ 287 የተባለውን እንዲህ ዓይነት ጄት አብርረው ነበር። ሆኖም ወደ ፊት ያዘነበለ ክንፍ የተደበቀ አደጋ አለው። የማንሣት ኃይሉ ክንፉን ወደ ላይ ሲለምጠው የክንፉ ጫፍ ከአየሩ ጋር የሚፈጥረው አንግል ይጨምራል፤ አንግሉ ሲጨምር የማንሣት ኃይሉ ይጨምራል፤ ይህም ክንፉን ይበልጥ ይለምጠዋል፤ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሂደቱ አይቆምም፣ ክንፉም ይሰበራል። ይህን በብረት ለመከላከል ክንፉን እጅግ ግትር ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ክብደቱ ጥቅሙን ሁሉ ይበላዋል።

የአሜሪካ አየር ኃይል መኮንን የነበሩት ኖሪስ ክሮን በ1975 ያቀረቡት ጥናት ሌላ መንገድ አሳየ። የክንፉ የላይና የታች ሽፋኖች ክሮች ከክንፉ ርዝመት ጋር ትይዩ መሆናቸው ቀርቶ በትንሽ አንግል ወደ ፊት ቢያዘነብሉስ? ክንፉ ወደ ላይ ሲለመጥ የላይኛው ሽፋን ይጨመቃል፣ የታችኛው ይሳባል። ክሮቹ በሰያፍ ስለተዘረጉ የተሳበው ሽፋን ወደ አንድ ጎን፣ የተጨመቀው ደግሞ ወደ ተቃራኒው ጎን ይንሸራተታል፤ ሁለት የተያያዙ ገጾች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲንሸራተቱ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ሣጥን ይጠመዘዛል። አንግሉ በትክክል ከተመረጠ ጥምዘዛው የክንፉን የፊት ጠርዝ ዝቅ የሚያደርግ ይሆናል፤ ማለትም መለመጡ ያመጣውን አደገኛ ጭማሪ እዚያው ያጣፋዋል። ክንፉ ያለ ኮምፒውተር፣ ያለ ሞተር፣ በራሱ ክሮች አቀማመጥ ብቻ ራሱን ያርማል። በግራማን ኩባንያ የተሠራው ኤክስ-29 በዲሴምበር 1984 በረረ፤ ክንፉም አልተሰበረም። ወደ ፊት ያዘነበለው ክንፍ ራሱ ከዚያ በኋላ ብዙም አልተስፋፋም፤ በመለመጥና በመጠምዘዝ መካከል የሚደረገውን ይህን ማቆራኘት ግን የዛሬ የክንፍ ንድፍ አውጪ ሁሉ ያውቀዋል። በነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ምላጭ ላይም ይሠራበታል፤ ድንገተኛ ነፋስ ሲመታው ምላጩ ተለምጦ በትንሹ በመጠምዘዝ ጫናውን እንዲያቃልል ይደረጋል።

ይህ ዓይነቱ ቅርጽ ለውጥ ታዛዥ እንጂ አዛዥ የለውም፤ ክንፉ የሚለወጠው አየሩ በገፋው መጠን ነው። በትእዛዝ የሚለወጥ ቅርጽ ሲፈለግ ሌላው «ጉድለት»፣ ማለትም ከምድጃ ሲወጣ መጣመም፣ ወደ መድረኩ ይመጣል። የካርቦን ፋይበር ንጣፍ ሲቀዘቅዝ በክሮቹ አቅጣጫ አይቀንስም ማለት ይቻላል፤ በተሻጋሪው አቅጣጫ ግን በእያንዳንዱ ዲግሪ በሚሊዮን 30 ያህል እጅ ይኮማተራል። ከ180 ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ የአንድ ሜትር ንጣፍ ተሻጋሪ ጎን ብቻውን ቢሆን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ያጥር ነበር። እንግዲህ ሁለት ንጣፎችን፣ አንዱን ቁመት አንዱን አግድም አድርገን ካጣበቅን፣ እያንዳንዱ ሊያጥር በሚፈልግበት አቅጣጫ ሌላው አይፈቅድለትም። ገበታው ከዚህ ውስጣዊ ትግል የሚያመልጠው በመጠምጠም ነው።

የተለመደው ስሌት እንዲህ ያለው ገበታ የኮርቻ ቅርጽ እንደሚይዝ ይተነብይ ነበር። አሜሪካዊው ተመራማሪ ማይክል ሃየር በ1981 ያሳተሙት ሥራ ግን ገበታው ስስና ሰፊ ሲሆን የሚታየው ሌላ መሆኑን አሳየ፦ ገበታው የቧንቧ ቁራጭ ይመስል በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይጠመጠማል፣ በእጅ ሲገፋ ደግሞ ጠቅ ብሎ ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ይገለበጣል፤ በሁለቱም ቅርጾች ያለ ምንም ድጋፍ ጸንቶ ይቆያል። ለቅርጽ ለውጥ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ምክንያቱም ኃይል የሚያስፈልገው ለመገልበጥ ብቻ እንጂ ቅርጹን ይዞ ለመቆየት አይደለም። ተጠራጣሪ አንባቢ ግን እዚህ ላይ ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ። ቅርጹን የያዘው የሙቀት ልዩነት ያስቀረው ውስጣዊ ውጥረት ከሆነ፣ የሙቀት መጠኑ ሲለወጥ ቅርጹም ይለወጣል ማለት ነው። በጠራራ ፀሐይ ማኮብኮቢያ ላይ የቆመ ገበታና 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከዜሮ በታች 55 ዲግሪ ገደማ በሆነ አየር ውስጥ ያለ ገበታ አንድ ዓይነት ጥምጥም አይኖራቸውም። ኢፖክሲ ከአየር እርጥበት የመምጠጥ ጠባይም አለው፤ እርጥበቱ ሬዚኑን ስለሚያሳብጠው ጥምጥሙን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ሁለት ቅርጽ ያላቸው ገበታዎች በቤተ ሙከራ ውስጥ የሚያስደስቱትን ያህል በክንፍ ላይ ገና አልታመኑም።

ሦስተኛው መንገድ ክንፉን እየለመጡ መንዳት ነው። ናሳና የአሜሪካ አየር ኃይል ከ1985 እስከ 1988 በኤፍ-111 ተዋጊ አውሮፕላን ላይ የሞከሩት ክንፍ በፊትና በኋላ ጠርዞቹ ላይ ተለማጭ የመስታወት ፋይበር ሽፋን ነበረው፤ ከሽፋኑ ሥር የተደረደሩ የሃይድሮሊክ አንቀሳቃሾችና ዘንጎች ሽፋኑን ወደሚፈለገው ቅርጽ ይገፉት ነበር። በአየር ውስጥ የሰጠው ውጤት ጥሩ ነበር። ሆኖም ከሽፋኑ በታች የነበረው የብረት ማሽን ውስብስብና ከባድ ስለነበር ማጠፊያን ለማስቀረት የተነሣው ሐሳብ ብዙ ማጠፊያዎችን በሆዱ ደብቆ ቀረ። ከዚህ የተወሰደው ትምህርት ሽፋኑን የሚያንቀሳቅሰው መዋቅር ራሱ ተለማጭ መሆን እንዳለበት ነው፤ ማለትም እንቅስቃሴው የሚመጣው ከተገጣጠሙ ክፍሎች ሳይሆን ከአንድ ወጥ አካል መለመጥ እንዲሆን።

በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ስሪዳር ኮታና ያቋቋሙት ፍሌክስሲስ የተባለ ኩባንያ የሄዱት በዚህ መንገድ ነው። የሠሩት የኋላ ጠርዝ በናሳ አንድ የጋልፍስትሪም 3 ጄት ላይ የመደበኛውን ፍላፕ ቦታ ተክቶ በኖቬምበር 2014 በረረ፤ በስድስት ወር ገደማ በተደረጉ 22 በረራዎችም ከ2 ዲግሪ ወደ ላይ እስከ 30 ዲግሪ ወደ ታች ባሉ አቋሞች ተፈተነ። ከዋናው ክንፍ ጋር የሚያገናኘው ሽፋን ክፍተት አልነበረውም። ኩባንያው በአዲስ መልክ ለሚነደፍ አውሮፕላን የነዳጅ ቁጠባው እስከ 12 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል ይናገራል፤ ይህ የአምራች ቁጥር ስለሆነ እንደ ጣሪያ እንጂ እንደ ተጨባጭ ውጤት መወሰድ የለበትም። ሌላም መታወስ ያለበት ነገር አለ፤ በእነዚያ በረራዎች የፍላፑ አንግል መሬት ላይ ተወስኖ በረራው እስኪያልቅ በዚያው ይቆይ ነበር። ያ በረራ የመዋቅሩን አቅም ያረጋገጠ እንጂ በአየር ላይ ቅርጽ የመለዋወጥን ጥያቄ የዘጋ አልነበረም።

አሁን ወደ ሥራው ሁሉ እጅግ አስቸጋሪ ክፍል እንመጣለን፤ እርሱም ሽፋኑ ነው። የክንፉ ሽፋን ሲለመጥ የሚደርስበት መዘርጋት በሁለት ነገሮች ይወሰናል፦ በውፍረቱና በልምጠቱ ሬዲየስ። ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ገበታ በ10 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ሲለመጥ የውጭ ገጹ 1 በመቶ ይዘረጋል። ይህ ትንሽ ቢመስልም የተለመደው የካርቦን ፋይበር 1.5 በመቶ ገደማ ላይ ይበጠሳል፤ መዋቅሩ በተደጋጋሚ እየተለመጠ ለብዙ ዓመታት እንዲቆይ ከተፈለገ ደግሞ ከግማሽ በመቶ በታች መቆየት ይመረጣል። በጠርዝ አካባቢ ለሚለመጡ ሽፋኖች ከካርቦን ይልቅ የመስታወት ፋይበር የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ግትርነቱ ያነሰ ነው፣ ሳይበጠስ የሚዘረጋው ግን ይበልጣል። ሽፋኑን ማሳሳት ሌላው መውጫ ነው፤ ነገር ግን እጅግ የሳሳ ሽፋን በአየሩ ግፊት ይጎደጉዳል ወይም ይነፋል፣ የክንፉን ቅርጽም ያበላሻል።

ክንፉ ከመለመጥ አልፎ ስፋቱ ወይም ርዝመቱ እንዲጨምር ከተፈለገ ሽፋኑ በመቶ ሳይሆን በአሥር በመቶዎች መዘርጋት ሊኖርበት ነው፤ ይህን ደግሞ ኢፖክሲ ፈጽሞ አይችለውም። ከቀረቡት መልሶች አንዱ ሬዚኑን በሲሊኮን ወይም በሌላ ጎማ መሰል ቁስ መተካት ነው። ክሮቹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተዘርግተው በጎማ ውስጥ ሲቀበሩ ሽፋኑ በክሮቹ አቅጣጫ ግትር፣ በተሻጋሪው ግን ተለጣጭ ይሆናል። ክሮቹ ሌላም ሥራ ይሠራሉ፤ ተራ ጎማ ወደ አንድ ጎን ሲሳብ በሌላው ጎን ይጠብባል፣ ክሮቹ ግን ይህን መጥበብ ያግዱታል። ሁለተኛው መልስ፣ የጃፓን ተመራማሪዎች በ2006 በሰፊው ያቀረቡት፣ ኮምፖዚቱን እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ሽንሽን አድርጎ መሥራት ነው፤ በሽንሽኑ ርዝመት ሲሳብ ሙሉ ግትርነቱን ያሳያል፣ ተሻግሮ ሲሳብ ግን ሽንሽኑ ይከፈታል። ቁሱ ራሱ አይዘረጋም፣ ይለመጣል እንጂ። እርግጥ ሽንሽን ገጽ ለአየር አይመችም፤ ስለዚህ በላዩ ስስ ተለጣጭ ሽፋን ያስፈልገዋል።

በዌልስ ስዋንሲ ዩኒቨርሲቲ ቤንጃሚን ውድስና ማይክል ፍሪስዌል የነደፉት፣ በዓሣ አጥንት ስም የሚጠራው የኋላ ጠርዝ እነዚህን ሐሳቦች በአንድነት ያሳያል። በመካከሉ ስስ ተለማጭ ገበታ እንደ አከርካሪ ይሄዳል፣ ከእርሱም ወደ ላይና ወደ ታች ቀጫጭን የጎን አጥንቶች ይወጣሉ፣ በላያቸው የሲሊኮን ሽፋን አስቀድሞ ተወጥሮ ይለበሳል። መወጠሩ የግድ ነው፤ ያለዚያ ጠርዙ ወደ ታች ሲለመጥ የታችኛው ሽፋን ይጨማደድ ነበር። በአከርካሪው በኩል ጅማት የመሰለ ገመድ እየተጎተተ ጠርዙን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይለምጠዋል። በአውሮፓም በተለይ የጀርመን የበረራ ምርምር ማዕከል ያለ ክፍተት ወደ ታች የሚያጎነብስ የፊት ጠርዝ በመስታወት ፋይበር ሽፋን ለዓመታት ሲያዳብር ቆይቷል። የዚህ ዓላማ ግልጽ ነው፦ በስላትና በክንፉ መካከል ያለው ቀዳዳ ከማረፊያ ጩኸት ዋና ምንጮች አንዱ ነው፤ በስላቱ ጠርዝ ላይ ያለው ትንሽ ደረጃ ደግሞ አየሩ በክንፉ ላይ በለስላሳ እንዳይፈስ ያደናቅፋል። ግን ቀዳዳው በከንቱ የተቀመጠ አይደለም። በእርሱ የሚያልፈው አየር በክንፉ ላይ ያለውን ፍሰት ስለሚያጠናክር ከፍተኛ የማንሣት ኃይል ይሰጣል፤ ያለ ቀዳዳ የሚያጎነብስ ጠርዝ ያንን ሙሉ በሙሉ አይተካም። ስለዚህ ጉዳዩ የተሻለውንና የባሰውን የመምረጥ ሳይሆን የመመዘን ነው።

ሽፋኑን ምን ይገፋዋል የሚለውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ኒቲኖል የተባለው የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ ሲሞቅ ወደ ቀድሞ ቅርጹ የሚመለስ ሲሆን ኃይሉ ትልቅ ነው፣ ለመቀዝቀዝ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ናሳ በ1990ዎቹ መጨረሻ የሠራው የፒዬዞ ፋይበር ንጣፍ በኤሌክትሪክ ሲነቃ ራሱ ይዘረጋል፤ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን እስከ 1,500 ቮልት ይፈልጋል፣ መዘርጋቱም ከመቶ እጅ ጥቂት ክፍልፋይ አያልፍም። ለትላልቅ ክንፎች ተራው የኤሌክትሪክ ሞተር እስካሁን አልተሸነፈም።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ፣ ዛሬ የምንሳፈርባቸው አውሮፕላኖች የት ላይ ናቸው? በክብደት ሲለካ የቦይንግ 787 ግማሽ ገደማ፣ የኤርባስ ኤ350 ደግሞ 53 በመቶ ገደማ ኮምፖዚት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 787ን በኦገስት 2012፣ ኤ350ን ደግሞ በ2016 በአፍሪካ የመጀመሪያ ሆኖ ስለተረከበ፣ ብዙ አንባቢዎች በእነዚህ ክንፎች አጠገብ ተቀምጠው ያውቃሉ። የ787 ክንፍ በበረራ ላይ ጫፉ ወደ 3 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ሁለቱም አውሮፕላኖች በመንገድ ላይ ፍላፖቻቸውን በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ የክንፉን ጉብጠት ከክብደቱ መቅለል ጋር ያስማማሉ። ይህ በማጠፊያ የሚሠራ፣ ግን ዓላማው ቅርጽን መለወጥ የሆነ ነገር ነው። ከዚህ ወደ ተለማጭ ሽፋን ያለው ርቀት የሚመስለውን ያህል አጭር አይደለም።

አንደኛው ምክንያት ኮምፖዚት የሚጎዳበት መንገድ ከብረት የተለየ መሆኑ ነው። አሉሚኒየም ሲመታ ይጎደጉዳል፣ ጉዳቱም ይታያል፤ የኮምፖዚት ንጣፎች ግን ከውስጥ ሊለያዩ ሲችሉ ላይኛው ገጽ ደህና ሊመስል ይችላል። በሬዚን የተያዙ ንጣፎች በእሳትም ጊዜ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ጁላይ 12 ቀን 2013 በለንደን ሂትሮው ማንም ሳይኖርበት ቆሞ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 787 በአደጋ ጊዜ ምልክት በሚያስተላልፈው መሣሪያው የሊቲየም ባትሪ ምክንያት ከኋላ ጣሪያው ተቃጥሎ ነበር። የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች በ2015 እንደገለጹት፣ የባትሪው ኃይል ካለቀ በኋላም የኮምፖዚቱ ሬዚን በሙቀት እየፈረሰ ለእሳቱ ነዳጅ በመሆን ቀስ ብሎ እንዲዛመት አድርጎታል። አውሮፕላኑ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተጠግኖ ወደ ሥራ ተመለሰ፤ ስለዚህ ኮምፖዚት አይጠገንም የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ሆኖም የዚያ ጣሪያ ሥራ ቅርጹን ጠብቆ መቆየት ብቻ ነበር። ለመለመጥ ተብሎ የክሮቹ አንግል በጥንቃቄ የተመረጠ ሽፋን ሲጠገን ጥንካሬው ብቻ ሳይሆን ልምጠቱም እንደ ቀድሞው መመለስ አለበት፤ በወፍራም ድርብ የተለጠፈ ሽፋን ከጎኑ ካለው ጋር እኩል አይለመጥም።

የፊት ጠርዝ ከሆነ ደግሞ ወፍ ይመታዋል፣ በረዶ ይይዘዋል፣ መብረቅም ይጎበኘዋል። መስታወት ፋይበርና ሲሊኮን ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም፤ ስለዚህ እንደ ተለመደው የመዳብ መረብ መጨመር ያስፈልጋል፤ መረቡም ከሽፋኑ ጋር በሺዎች ለሚቆጠሩ ጊዜያት ሳይበጠስ መለመጥ አለበት። በረዶ የሚያሟሟው ማሞቂያም እንደዚሁ። በቤተ ሙከራ ወረቀቶች ላይ ቀላል ሆኖ የሚታየው ሽፋን እነዚህን ሁሉ ሲለብስ ክብደቱም ግትርነቱም ይጨምራል፣ የሚገፋው ሞተርም መተለቅ ይኖርበታል።

ስለዚህ ቅርጽ የሚለውጡ መዋቅሮች መጀመሪያ የሚሰፍሩት በትናንሽ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ላይ ይመስለኛል፤ በእነርሱ ላይ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ፣ ሽፋኑን መለወጥ ርካሽ፣ ስህተትም ሕይወት የማያስከፍል ነው። በትላልቆቹ ላይ ደግሞ ክንፉን በሙሉ የሚያጣጥፉት ደፋር ንድፎች ሳይሆኑ በኋላ ጠርዝ ላይ ያሉ ጥቂት ዲግሪዎች ብቻ የሚንቀሳቀሱ ክፍሎች ይቀድማሉ። ለእነርሱም ቢሆን የበረራ ደኅንነት ተቆጣጣሪዎች የሚያነሡት ጥያቄ የታወቀ ነው። ማጠፊያ ሲነቃነቅ ወይም ሲጣበቅ ምን እንደሚሆን የብዙ አሥርት ዓመታት ልምድ አለ፤ ፍላፕ በአንድ በኩል ብቻ ቢቀር አውሮፕላኑ እንዴት እንደሚበር አስቀድሞ ይታወቃል። ተለማጭ ጠርዝ ከውስጥ ንጣፉ ቢለያይስ? ልምጠቱ በግራና በቀኝ ክንፍ እኩል መሆኑን በየቀኑ ምን ይለካዋል? በቀን ብዙ ጊዜ የሚነሣ የአጭር ርቀት አውሮፕላን በዕድሜው በአሥር ሺዎች ጊዜ ፍላፑን ያወርዳል፤ ለነዳጅ ቁጠባ ሲባል በመንገድ ላይ ያለማቋረጥ የሚስተካከል ጠርዝ ግን ይህን ቁጥር በብዙ እጥፍ ያበዛዋል፤ ያንን ሁሉ ልምጠት ደግሞ በማኮብኮቢያ ሙቀትና በከፍታው ብርድ መካከል እየተመላለሰ ሊሸከም ይገባዋል።